ተገጥሞ የታየ

ጥር 15 ቀን 2009፣ ሰኞ

ለተማሪ ልሸጥ ካመጣኋቸው ደብተሮች አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስለፈልፍ እውላለሁ፤ ያ ግን የገበያ ወሬ ነው፣ የሆድ አይደለም። የሆዴን የማጫውተው ሰው ካጣሁ ቆየሁ። አሰፋ ድሮ ያዳምጠኝ ነበር። አሁን "እህ" ይላል እንጂ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

አሰፋ ባሌ ነው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠዓሊ። የጅግጅጋን ሱቅ ግማሹን የጻፈው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ፣ ላሜራ ላይ በብሩሽ። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የፀጉር ቤቱ ጎረምሳ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው። ጎረቤታችን ፋሩቅ የባነር ማተሚያ ማሽን ካስገባ ወዲህ ግን ሰዉ ሁሉ ወደ ፕላስቲኩ ዞረ። አሰፋ አልተጣላውም። "ማሽን አይደክመውም" አለና ዝም አለ። ዝምታው ነው እኔን የገደለኝ።

አሁን የምንኖረው በፓዝል ነው። እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር። ተቆራርጦ በሳጥን የሚመጣ ሥዕል ነው፤ ፈረንጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፍሬ በፍሬ መልሶ ይገጥመዋል። በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሚገባው የአሻንጉሊት ቦንዳ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ቦንዳውን የምታመጣልኝ የሐርተሼኳ ሆዳን በፊት ሳጥኑን ለእሳት ማያያዣ ነበር የምትሰጠው። "አባዮ፣ ደህናውን ሥዕል ቆራርጠው እንደገና ይገጥሙታል፤ እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?" ትለኛለች። አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። እኔም እንደዚያው ነው የምላት።

የፌስቡኩን ጨረታ ያሳየኝ ፋሩቅ ነው፤ ማሽኑ ቢጎዳንም ልጁ ክፉ አይደለም። ያገለገለ ፓዝል ብቻ የሚሸጥበት ቡድን ነው፤ ኤልያብ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ያስተዳድረዋል። ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ሰዉ ከሥሩ ዋጋ እየጻፈ ይበላለጣል፣ እሑድ ይዘጋል፣ ሰኞ በአውቶቡስ እልካለሁ። የኤልያብ ሕግ ጥብቅ ነው፦ ፓዝሉ ተገጥሞ መታየት አለበት፣ የጎደለ ፍሬ ካለም ሳይደበቅ ይጻፍ። እኔም ከየፎቶው ሥር "ተገጥሞ የታየ" ብዬ እጽፋለሁ።

ገጥሞ የሚያየው አሰፋ ነው። ከሰሌዳ የተረፈውን ላሜራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲገጥም ይውላል። ፍሬ ከጎደለ ከካርቶን ይቆርጥና በራሱ ቀለም ቀብቶ ይተካታል። ይህን ያስተማረው የለም፤ ራሱ ነው ያመጣው።

ጥር 24፣ ረቡዕ

የመርከቡ ፓዝል ተሸጠ። ከሸራው ላይ አንድ ፍሬ ጎድሎት ነበር፤ አሰፋ ሠርቶ ተካት። እኔም "አንዷ ፍሬ በሠዓሊ እጅ የተሠራች ናት፣ ፈልጋችሁ አግኟት" ብዬ ጻፍኩ። ሰዉ ጨዋታ አደረገው። ከሙሉዎቹ ይልቅ እሱን ተሻሙት። አንዷ "የሠዓሊው እጅ ይባረክ" ብላለች፤ ሌላው "እኔ ለፍሬዋ ስል ነው የምገዛው" ብሏል። ማታ ለአሰፋ አነበብኩለት። ራስህ አንብበው ስለው የስልኩ ፊደል ደቃቅ ነው አለኝ። ደጋግሞ አስነበበኝ።

እንዲህ ፈገግ ሲል ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ተመስገን።

የካቲት 2፣ ሐሙስ

ሰው እየገባብኝ ነው የምጽፈው። ሁለት ሳጥን ገጠመ። የድመቶቹ ሙሉ ነው። የበረዶው ተራራ ሦስት ፍሬ ጎደለው። ባለፈው ሳምንት የነበረውም ጎደሎ ነበር። ሆዳን ምን እያመጣችልኝ ነው? ድሮ እንዲህ አልነበረም።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ከላሜራው ጠረጴዛ ሥር ስጠርግ ፍሬዎች አገኘሁ። ሁሉም በግራ በኩል፣ በግድግዳው ጥግ። የየትኛው ሳጥን እንደሆኑ ማን ያውቃል። በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አጠራቀምኳቸው። እዚያ ሐርተሼክ ልጆች ሲጫወቱባቸው እየተቀላቀሉ ይሆናል፤ ከአንዱ ሲጎድል ለአንዱ ይተርፋል።

ሆዳን ዛሬ ተቀይማ መጣች። መንገድ ላይ አሰፋን አጠገቡ ቆማ ሰላም ብትለው፣ እንኳን ሊመልስላት ፊቱንም ሳያዞር አልፏት ሄደ። ሰው እያየ ነው ያሳፈረኝ አለች። ሐሳብ ይዞት ነው አልኳት። አባቱም እንዲህ ነበሩ፣ ሐሳብ ከያዛቸው የወለዱትንም አይለዩም ብዬ ጨመርኩላት።

የአሰፋን አባት አይቻቸው አላውቅም።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰሌዳ ሥራ መጣ። የደገሀቡር መኪኖች ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ፕላስቲክ በነፋሱ እየተቀደደ አስቸገረኝ፣ ቢዘገይም የአሰፋ ላሜራ ይሻለኛል አለ። ደስ አለኝ። ጾሙን እንኳ ረስቼ ሻይ በወተት ጋበዝኩት።

ሰሌዳው ዛሬ አለቀ። ፊደሉ መጀመሪያ ላይ እንደ ወትሮው ነው፣ ኩራት። ወደ መጨረሻው እየወረደ ሄዶ "ቡር" የምትለዋ ከላሜራው ጠርዝ ተጠጋግታ ታጨቀች። አሰፋ ድሮ ገመድ እንኳ ሳይዘረጋ ነበር ቀጥ አድርጎ የሚጽፈው። ላሜራው ጎባጣ ነው። ለሰውዬውም እንደዚያ አልኩት። ተሸክሞ ወሰደው። ማታ ሳልፍ አልሰቀለውም።

ፋሩቅ ሱቁ ውስጥ ከአንድ ደንበኛ ጋር ሲያወራ ሰማሁ። "ጋሼ አሰፋ ዓይኑን ቢታይ ጥሩ ነበር" አለ። ተናድጄ ገባሁና ማሽንህን እይ አልኩት። ልጁ ደነገጠ። ሥራውን ወስዶበት ሲያበቃ የዓይን በሽታ ደግሞ ይመኝለታል። አላርፍ ያለች ጣት አሉ።

የባሕሩ ፓዝል ላይ የሠራት ፍሬ አረንጓዴ ወጣች። ቀለሙ ቆይቶበት ነው።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ከሆዳን ጋር ተጣላሁ።

ነገሩን በደንብ ልጻፈው፣ አለበለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሦስት ሳጥን አመጣችልኝ። አሰፋ ሁሉንም ገጥሞ ሁሉም ጎደሎ ናቸው አለ። እኔም ነገሩን እያለዘብኩ መጠየቅ ስችል፣ ሱቅ ሞልቶ እያለ ሳጥኖቹን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩና ጥሩ ጥሩውን ለማን እየመረጥሽ ነው ትርፍራፊውን ለእኔ የምታመጪው አልኳት። ሆዳን እንደኔ አትጮህም። ሳጥኑ እንደታሸገ እንደምትሰጠኝ፣ የገመዱን ቋጠሮ እኔው ራሴ እንደምፈታው ነገረችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ የምፈታው። ግን አፌ አንዴ ተከፍቷል። የሰው ሆድ ማን ያውቃል አልኳት።

በአላህ ማለች። ሌላ ጊዜ ሆዳን ከማለች ነገር ያልቃል፤ እዚህ ከተማ መሐላዋን የሚጠራጠር ሰው አላየሁም። እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ። ድርቁ የወንድሞቿን ከብት እየጨረሰው ነው፤ እንደዚያም ሆና በየሳምንቱ ከሐርተሼክ በአይሱዙ አቧራ ስትግጥ የምትመጣው ለእኔ ነበር። ሻሽዋን አስተካክላ ወጣች። አባዮ አላለችኝም።

አሰፋ ጓዳ ሆኖ ሰምቷል። ሲወጣ "ምነው እንዲህ አደረግሻት?" አለኝ። አንተ ጎደለ ስላልከኝ ነዋ አልኩት። የበሩን መቃን በትከሻው ገጭቶ ወጣ። ሁልጊዜ የሚወጣበት በር ነው።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ።

ድሬዳዋ መዋዕለ ሕፃናት ያላት ኢልሀም የምትባል ደንበኛ አለችኝ። የአትክልቱን ፓዝል አሸንፋ ነበር፣ ሁለት ፍሬው በእጅ የተሠራ። ስልክላት፣ ምናልባት ከጠቀማት ብዬ ከቆርቆሮው መልኩ የሚቀርበውን ጥቂት ፍሬ በፌስታል ጨመርኩላት። ምርቃት መሆኑ ነው። ዛሬ ቡድኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጻፈችልኝ። ጎደሉ ያላችኋቸው ሁለቱም ፍሬዎች ፌስታሉ ውስጥ አሉ፤ ልክክ ብለው ይገባሉ። ታዲያ አውቃችሁ አውጥታችሁ ነው በእጅ የተሠራ እያላችሁ ዋጋ የምታስወጡት?

ኤልያብ ለብቻዬ መልእክት ላከልኝ። በትሕትና ነው የጻፈው፤ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ለኢልሀም ይቅርታ፣ ሳጥኖች ተቀላቅለው ነው ብዬ መለስኩ። ለአሰፋ ዛሬ ምንም አልተጻፈም አልኩት። "ስለ አትክልቱም?" አለኝ። ስለ አትክልቱም አልኩት።

መጋቢት 22፣ ዓርብ

አሰፋ ሊላጭ ሲወጣ ቆርቆሮውን ይዤ ላሜራው ፊት ተቀመጥኩ። ላሜራው ላይ የወንዙ ፓዝል አለ፤ ትናንት ጨርሶ አራት ፍሬ ሠርቶለታል። የእሱን አንድ በአንድ አነሳሁና ከቆርቆሮው እየመረጥኩ ሞከርኩ። አንዷ ገባች። ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋ ከቆርቆሮው አልነበረችም፤ እዚያው ላሜራው ላይ በግራ ጠርዝ፣ ከአሰፋ የሻይ ብርጭቆ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሕፃን የሚያያት ቦታ ናት። አራተኛዋን አልሞከርኩም።

የእሱን መልሼ ገጠምኩና ተነሣሁ። ሱቅ ሰው ነበረ።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

በጉን ዘንድሮ አሰፋ አላረደም። ወገቤን ብሎ የሰፈር ጎረምሳ አስጠራ። ሰው ይደክመዋል፤ ደግሞም ሁለት ወር ሙሉ ጾመናል። ጠላ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ጎን ነው ያፈሰሰው። ሳቅን። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት።

አሁን የማደርገውን ልጻፈው። አሰፋ ገጥሞ ሲጨርስ ከራቅ ብዬ ፎቶ አነሣለሁ። ጨረታው ሲዘጋ፣ ከማሸጌ በፊት፣ የእሱን ፍሬዎች አወጣና ከጠረጴዛ ሥር የለቀምኳቸውን ትክክለኞቹን አስገባለሁ። የእሱ ፍሬዎች እንደ ድሮው አይደሉም። ቀይ ጣሪያ ላይ ቡናማ፣ ሰማይ ላይ እንደ ቅጠል ያለ ነገር ይቀባል። ሰው እንዲስቅበት አልፈልግም። ያወጣኋቸውን ከሰል ምድጃው ውስጥ እጨምራቸዋለሁ። ካርቶን ናቸው፣ ቦግ ብለው ያልቃሉ።

ለማንም ጉዳት የለውም። ገዢው ሙሉ ፓዝል ደረሰው፣ አሰፋ ሥራውን ሠራ። ማን ተበደለ?

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

አስተያየት አንብቢልኝ አለኝ። ስለ ፍሬዎቹ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ምን ብለው ይጻፉ፣ አልደረሳቸው። ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩለት። "የናዝሬቷ ሴት ልጆቿ ሲፈልጓት አመሹ አለች" አልኩት። ደስ አለው። ቅዳሜ አዲስ ብሩሽ እገዛለሁ አለ።

ከሆዳን በኩል ድምፅ የለም። ሳጥን እያለቀብኝ ነው። የሱቁ ሰው ሁሉ "ሆዳን የት ጠፋች?" ይለኛል። ድርቁ ነው እላለሁ። ድርቁ ስንቱን ተሸከመልኝ።

ሚያዝያ 27፣ ዓርብ

ሐርተሼክ ሄጄ መጣሁ። ለሳጥን ነው የምሄደው ብዬ ነው የወጣሁት፤ ለአሰፋም ለራሴም። መንገዱ ላይ የሞተ ከብት ቆዳ በየቦታው። ሆዳን ግቢዋ ውስጥ ዘመዶቿን አስጠግታ ነው ያገኘኋት፣ ከደረቀው አገር የመጡ። ውኃ አቀረበችልኝ። እዚያ አሁን ውኃ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቃል።

ይቅር በይኝ አልኳት። ሳጥኖችሽ ሙሉ ነበሩ አልኳት። ከዚህ ሌላ ለመናገር አላሰብኩም ነበር፤ ግን ስለ ጠረጴዛው ሥር፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ምድጃው ሁሉ አወራሁላት። ሆዳን ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። አጎቷ ግመል ጠባቂ ነበሩ፤ ፊት ለፊት የቆመውን ግመል ከሩቅ እየቆጠሩ፣ በጎናቸው የሚወጣውን ግን አያዩም ነበር አለችኝ። ሰዉ አረጁ ይል ነበር። በኋላ ፊት ለፊት ያለውም ጠፋባቸው። ያን ቀን መንገድ ላይ አሰፋ ሲያልፋት ኩራት መስሏት መቀየሟ አሳፈራት።

"ታውቂ ነበር ማለት ነው" አለችኝ። "እኔን ሌባ ስትዪኝ ታውቂ ነበር።"

አይ፣ ያኔ አላውቅም ነበር አልኳት።

"አባዮ፣ እሱ ከሚታመምብሽ እኔ ሌባ ብሆን መረጥሽ።"

ክፉ ብላ አይደለም የተናገረችው፤ ትከሻዬን ይዛ ነው። ሐኪም ጋ ሳትወስጂው ሳጥን አልሰጥሽም ብላ ባዶ እጄን ሸኘችኝ። ጅግጅጋ እስክደርስ አለቀስኩ። ረዳቱ መኪናው ሸተታት መሰለውና ፌስታል ሰጠኝ።

ግንቦት 3፣ ሐሙስ

አልነገርኩትም። ሰኞ ልነግረው ነበር፣ ራሴን አመመኝ። ማክሰኞ ደስ ብሎት ዋለ፣ ደስታውን ማን ይቀማል።

ዛሬ ባጃጅ ገጨው። ከግራ በኩል ነው የመጣው፤ አሰፋ ቀጥ ብሎ ገባበት። ሲጮህለት ነበር ይላሉ። እግሩ ተላጠ፣ ሌላ የለም፣ ተመስገን። ባለባጃጁ ልጅ "አዛውንቱ አያዩም እንዴ?" ሲል ፋሩቅ ዝም በል አለው። ፋሩቅ ነው ደግፎ ያመጣው። ቁስሉን አጠብኩለት። እኔም ቅዳሜ ሐረር እንሂድ፣ መነጽር ያስፈልግሃል አልኩት። መነጽር ነው ያልኩት። እሺ አለ። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቱ አስደነገጠኝ።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ቅዳሜ ሰልፍ ሞልቶ ተመለስን፤ ዛሬ ታየ። ካራማራን ስንወጣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር፤ ምን ታያለህ አላልኩትም።

መነጽር አይደለም። ግላኮማ ይባላል፣ የዓይን ግፊት። ሐኪሟ ወጣት ናት። አንድ ዓይኑን አስሸፍና ቀጥ ብለው ይዩኝ፣ ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ አለችው። ጣቷን ከጎን እያመጣች ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ጣቷ መጣ፣ መጣ፣ ጉንጩ አጠገብ ደረሰ። አሰፋ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አፍንጫው ፊት ለፊት ሲደርስ "አሁን" አለ።

የሄደው አይመለስም አለች። ግራው አብዛኛው ሄዷል፣ ቀኙ ገና አለ። ጠብታ ጧት ማታ፣ ዕድሜ ልክ፤ ያለውን ለማቆየት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ብትመጡ ኖሮ ብዙ እናተርፍ ነበር አለች። መቼ ነው ያስተዋሉት ስትለው አሰፋ "ቅርብ ጊዜ ነው" አላት። ወደ እኔ ዞረች። እኔም ቅርብ ጊዜ ነው አልኳት።

ሁለታችንም እንደዚያ አልናት።

ግንቦት 20፣ እሑድ

የነሆዳን ጾም ገባ፣ ከተማው ቀን ቀን ጭር ብሏል። ሆዳን በሰው አምስት ሳጥን ላከችልኝ፣ የጠብታውን ነገር ሰምታ። አሰፋ ግን አሁን ብዙም አይገጥምም፤ ላሜራው ፊት ይቀመጣል።

ኤልያብ ሽያጬን አግዷል። ቀደም ብዬ የላክሁት የወንዙ ፓዝል ነው ያመጣብኝ። የገዛው ሽማግሌ ጡረተኛ ናቸው፤ በእጅ የተሠሩትን ፍሬዎች ፈልገው ነው የተጫረቱት። ሳጥኑ ሲደርሳቸው አንድም የለም። ሁሉም የፋብሪካ ነው። ባለፈው ሙሉውን ጎደሎ ብላችሁ፣ አሁን ደግሞ ያላችሁትን ሳትልኩ፣ ምን ይባላል ይላል ኤልያብ። እውነቱን ነው።

የናዝሬቷን ሴት ፈጥሬ ሳነብለት፣ እውነተኛው ሰውዬ ፍሬውን ሲጠብቁ ነበር።

ግንቦት 23፣ ረቡዕ

ኢንተርኔት ጠፍቷል፣ በአገሩ ሁሉ። ለተማሪዎቹ ፈተና ነው ይላሉ። ለኤልያብ የምመልሰውን ሳላስበው ስለዋልኩ ደስ አለኝ። ደስታ ካሉት።

ሰኔ 3፣ ቅዳሜ

መሥመሩ ተመለሰ። ኤልያብ አልጻፈም፣ ደወለ። ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ የወጣት ነው። ልሰርዝሽ አልፈልግም፣ ሰዉ ግን ምክንያት ይፈልጋል፣ ምን ልበላቸው አለኝ። አሰፋ አጠገቤ ነበር፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ሁሉንም ይሰማል። እኔም ጀመርኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ሳጥኑን ከፍቶት ይሆናል፣ መንገዱም አቧራ ነው፣ ደግሞ የሐርተሼክ ልጆች...

አሰፋ እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ ክንዴን ነው ያገኘው፣ ከዚያ ስልኩን።

"ወንድሜ፣ አሰፋ እባላለሁ። ፍሬዎቹን የምሠራው እኔ ነኝ። ዓይኔ በጎን አያይም። አጠገቤ የወደቀውን ጎደለ እያልኩ ስሠራ ከርሜያለሁ፤ ሰውን ለማታለል አይደለም። ባለቤቴም እያወቀች ዝም ያለችው እኔን አሳፍራለሁ ብላ ነው። ለሰዎቹ ይህንኑ ንገርልኝ።"

ኤልያብ ምን እንዳለው አልሰማሁም። አሰፋ አመስግኖ ስልኩን መለሰልኝ። ሱቁ ውስጥ ደብተር የሚገዙ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ዋጋ ጠፋብኝ።

ያውቅ ነበር። ማወቄን ያውቅ ነበር።

ሰኔ 4፣ እሑድ

ምሳ ላይ ጠየቀኝ። "የኔዎቹን የት አደረግሻቸው?"

አቃጠልኳቸው አልኩት።

መብላቱን አላቆመም። ትንሽ ቆይቶ የባሕሩ ሰማያዊ እንኳ ደህና ወጥቶልኝ ነበር አለ። አዎ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለስንት ወር የለመድኩት ነው።

"አረንጓዴ ነበር፣ አሴ" አልኩት።

አሁን አቆመ። መቼ ነበር የባሕሩ፣ የካቲት አይደለም እንዴ አለኝ። የካቲት ነው አልኩት። የሐረሯ ሐኪም ያለችውን ሁለታችንም ሰምተናል፤ መድገም አላስፈለገውም። እጁን ታጠበና ፊቱን ወደ እኔ መለሰ፣ ቀጥ አድርጎ፤ አሁን ሲያየኝ እንደዚያ ነው የሚያየኝ።

"ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?" አለ።

እንዳይከፋህ ብዬ ነው ልለው ነበር። ትናንት እሱም ለኤልያብ እንደዚያ አለልኝ። ውሸት ነው። የካቲት ላይ እሱ አልከፋውም ነበር፤ የከፋኝ እኔ ነኝ፣ የፈራሁትም እኔ ነኝ። ይህን አልኩት። እንደጻፍኩት አድርጌ አይደለም፣ እያለቀስኩ ነው፣ ግማሹም አልተሰማም። አሰፋ አይዞሽ አላለኝም። አልተቆጣኝምም።

ከዚያ የጠብታው ሰዓት ደረሰ። ወንበሩ ላይ አንጋጠጠ፣ እኔም በመጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ጨመርኩለት።